የቀለለው ስም

ኡሙኦክፖ፣ አባቴ ግቢ
ጃንዋሪ 11 ቀን 1981

የአዳኩ አባት፣

ቴሌግራምህ ደርሶኛል። የጠየቅኸው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ እሱን ላስቀድም። አባትህ በክብር ተቀብረዋል። ጥይት ተተኩሷል፣ በሬ ታርዷል፣ ሰዉ ግቢውን ሞልቶ እስከ አስፋልቱ ድረስ ቆሞ ነበር። እናትህ ደህና ናቸው። አዳኩም ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ እንዳልልህ ግን ውሸት በሰላምታ ከተጀመረ መመለሻ የለውም።

አድራሻዬን አይተህ ሳትደነግጥ አትቀርም። ቤትህ አይደለሁም። ወንድሜ የካሳቫ ጆንያ ከሚያስቀምጥበት ክፍል ግማሹን ለቆልኝ እዚያ ነው የምተኛው። የመጣሁት ብቻዬን ነው። አዳኩን ከለከሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባትህ ሳሎኑ መሐል ተኝተዋል። እኛ የቤቱ ሚስቶች በግራ በኩል አግዳሚ ላይ ተደርድረናል። ከየተዳሩበት የመጡት የቤቱ ሴት ልጆች በቀኝ ተቀምጠዋል። እህትህ ዳ ሮዝሊን አለቃቸው ስለሆኑ ንግግሩን የያዙት እሳቸው ናቸው። አባታችሁን አሞገሱ፣ አለቀሱ፣ አስለቀሱንም። ከዚያ ነገሩን ወደ አንተ አዞሩት። «የበኩር ልጅ አባቱ ሲሞት በእግሩ ይመጣል እንጂ ቴሌግራም አይልክም» አሉ።

ቤቱ ፀጥ አለ። በምትሠራበት ግድብ ላይ የመወጣጫው እንጨት ተደርምሶብህ እግርህ መሰበሩን፣ ሆስፒታል መተኛትህን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለእናቴ እንዳትነግሪብኝ፣ ሐዘን ላይ ሐዘን አይጨመርም ብለህ አስምለኸኛል። ስለዚህ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። በዚያ ፀጥታ መሐል ነው ያ ድምፅ ከአፌ የወጣው።

ኦሱ ነው አሉ። ጥርሷን መጠጠች አሉ። በሙት ፊት፣ በቤቱ ሴት ልጆች ፊት። በእኛ አገር ምራቅ መትፋት ከዚህ እንደሚሻል ላንተ አልነግርህም።

መቃብሩ እንደተሸፈነ የቤቱ ሴት ልጆች እዚያው ተሰየሙብኝ። ያወጣሽው ድምፅ ምን ነበር አሉኝ። ዝም አልኩ። ዳ ሮዝሊን «ስም አለው፤ በአፍሽ ጥሪው» አሉኝ። ዝም አልኩ። እንግዲያው እኛ እንጠራልሻለን ብለው ንቀት አሉት። በአፌ ጠርቼው፣ ተንበርክኬ ይቅርታ እስክጠይቅ ድረስ ግቢውን እንዳልረግጥ፣ ልጅቷም የቤቱ ደም ናትና እዚያው እንድትቀር ፈረዱ። እናትህ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ለምን ዝም እንዳልኩ አትጠይቀኝ። ልጄን እንዴት እንደምታስመልስልኝ ብቻ ጻፍልኝ።

አሁዲያ


ጆስ፣ ሚሽን ሆስፒታል
ጃንዋሪ 22 ቀን 1981

የአዳኩ እናት፣

ምን ብዬ ሰላም እንደምልሽ ጠፋኝ። አባቱን ለመቅበር ያልደረሰ፣ ሚስቱን ሲያባርሩበት አልጋ ላይ የተጋደመ ሰው ሰላምታው ለማን ይረባል? ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ ከሰላምታ የሚበልጥብኝ እሱ ነው።

ደብዳቤሽን አንብቤ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ አጠገቤ የተኙት ሽማግሌ እስኪደነግጡ ድረስ ነው የሳቅሁት። ኮርቼብሽ ነው። ሮዝሊን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስሜን ስታነሳ አላስችል ብሎሽ ነው። ለእኔ ብለሽ ነው። እኔ እዚያ ብሆን ኖሮ ከዚህ የባሰ አደርግ ነበር። አሁን ግን ሳቄ አልፎ ፍርሃት ይዞኛል፤ ሮዝሊን በአባታችን ቀብር የተያዘ ቂም እንዲህ በቀላሉ አትለቅም።

ጸጥ ብዬ ሳስበው ነገሩ ያለው ስሙ ላይ ነው። እነሱ ንቀት ያሉት አንቺ ዝም ስላልሽ ነው። ስለዚህ ሌላ ስም ልናገኝለት ይገባል። እስቲ በደንብ አስታውሰሽ ጻፊልኝ። ረጅም ነበር ወይስ አጭር? አየሩን ወደ ውስጥ ነው የሳብሽው ወይስ ወደ ውጭ? ዓይንሽን በማን ላይ ጥለሽ ነበር? ሰው ሲንቅ ከጥርሱ ጋር ዓይኑንም ያዞራል። ዓይን ካልዞረበት ቁጭት ነው፣ ወይም ድካም ነው፣ ወይም ሐዘን ነው ማለት ይቻላል። ቃሉን እኔ እፈልግልሻለሁ። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ሌላ ሥራ የለውም።

የእግሬንም ነገር ለቤቱ ሰው ንገሪያቸው። መሐላሽን ፈትቼልሻለሁ።

እግሬ እንደሆነ አያመኝም። አትጨነቂ።

ኡዞማ


ኡሙኦክፖ
ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1981

የአዳኩ አባት፣

ረጅም ነበር ወይስ አጭር ትለኛለህ። ልጄ በሌለችበት ቤት ቁጭ ብዬ የአፌን ድምፅ በክንድ ልለካልህ? እሺ፣ ልለካልህ። አጭር አልነበረም። አየሩ የገባው ወደ ውስጥ ነው፣ በተነከሰ ጥርስ መሐል። ዓይኔ መሬት ላይ ነበር። ምን አደረገልህ ይሄ? የሰሙት እነሱ ናቸው፤ የሰማ እንጂ ያወጣ አይታመንም።

ብለህ ነበርና የእግርህን ነገር ነገርኳቸው። ራሴ መግባት አልተፈቀደልኝም፤ አጥሩ ጋ ቆሜ በታናሽ ወንድምህ ሚስት በኩል ላክሁ። የመጣልኝን መልስ እንዳለ ልጻፍልህ። «በጥርሷ አባታችንን ሰደበች፣ አሁን ደግሞ በምላሷ ወንድማችንን አንካሳ አደረገችው።» ይኸው ነው።

እዚህ ያለውን ኑሮዬንም ልንገርህ። ወንድሜ ደግ ነው፤ ሚስቱ ግን ሳህኔን ስታነሳ በቀስታ ትመጥጣለች። በጥርሷ ነው እንጂ በከንፈሯ አይደለም። ከንፈር ቢሆን ማዘን ነው እል ነበር። ገበያ ስወርድ የካሳቫ ዱቄት የሚሸጡት ሴቶች ሳልፍ አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች፣ እስከ ዘይት ተራ ድረስ ይሸኙኛል። ስወጣም እንዲሁ። እኔ ጋ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ጠፍቷል። የቀረችው አንዲት ደንቆሮ አሮጊት ናት፤ እሷ ምንም ስላልሰማች አትጠየፈኝም።

እሑድ አዳኩን ቤተ ክርስቲያን አየኋት። ለሐዘኑ ፀጉሯን ላጭተዋታል፤ ጭንቅላቷ ትንሽ ሆና ታየችኝ። ዳ ሮዝሊን እጇን ይዘዋል። ወደኔ ዞራ ልትሮጥ ስትል ጎተቷት። አልተንቀሳቀስኩም፣ አልጮህኩም። ከወጣሁ በኋላ ግን መንገድ ዳር ተቀምጬ መነሳት አቃተኝ። ሰው ጋኔን ያዛት አለ።

እባክህ ቃሉን ተወውና አንተ ራስህ ና። እንጨቱ ከተደረመሰብህ ስንት ጊዜ ሆነህ? የተሰበረ እግር እስካሁን ይቆማል። ለምን አትመጣም? በደንብ መልስልኝ፤ አያመኝም አትበለኝ።

አሁዲያ


ጆስ
ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1981

አሁዲያ፣

ስለ እግሬ በደንብ መልስልኝ ስላልሽ እመልሳለሁ። አያመኝም ያልኩሽ ሐሰት አይደለም። የሌለ ነገር አያምም። ከጉልበቴ በታች ቆርጠውታል፤ ገና የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት ነው። ቁስሉ ሁለተኛ ስለከፋብኝ እንደገና ከፍ አድርገው ይቆርጡት ይሆናል፤ ሐኪሙ ገና አልወሰነም። ለዚህ ነው የማልመጣው። ማታ ማታ የሌለው ጣቴ ያሳክከኛል፤ እጄን ሰድጄ አንሶላውን አገኛለሁ። ይኸውልሽ፣ ነገርኩሽ። አሁን ለትንሽ ጊዜ አታንሺብኝ።

ሌላም ልንገርሽ፤ ሳልሠራ አልተቀመጥኩም። አጠገቤ የተኙት ሽማግሌ ማላም ሹአይቡ የከብት ነጋዴ ናቸው። ድምፁ በእነሱ አገር ቋንቋ ጻኪ ይባላል አሉኝ፤ በሰው ላይም ይሁን በዝናብ መዘግየት ያው ነው፣ ሰው አይጣላበትም አሉ። ከኢባዳን የመጣች ነርስ አለች፣ ሞሬኒኬ የምትባል። በእነሱ ዘንድ ኦሼ ነው ስሙ፤ የሚንቅም ያሰማዋል፣ ያመለጠው ነገር የሚቆጨውም ያሰማዋል፣ ልጇ የሞተባትም ታሰማዋለች አለችኝ። አየሽ? ሌላው ሕዝብ ለሐዘን የሚሆን አለው። የኛ ቋንቋ ነው ሁሉንም ኦሱ ብሎ ባንድ ጆንያ የከተተው።

ስለዚህ ለቤቱ ሰው በሙሉ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሚስቴ ያሰማችው የሐዘን ነው፣ ስሙ በእኛ አፍ ስላልተገኘ ነው እንጂ በደል የለባትም፣ ለእኔም ብላ ነው፣ እኔም አንድ እግሬን አጥቻለሁ ብዬ ገልጫለሁ። ጥሩ አድርጌ የጻፍኩት ይመስለኛል።

ማላም ሹአይቡ ግን ደብዳቤውን ተርጉሜ ሳነብላቸው ጣሪያውን አዩ። ቀጥለው «ሚስትህ ልጇን ትፈልጋለች፤ አንተ ቃል ትለቅማለህ» አሉኝ። ተናድጄ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም። እውነታቸውን ነው? ንገሪኝ።

ኡዞማ


ኡሙኦክፖ
ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1981

ኡዞማ፣

እግርህን አነበብኩ። ስለሱ ዛሬ ምንም አልጽፍልህም፤ ብጀምር ይህን ወረቀት አልጨርሰውም።

ደብዳቤህ በቤቱ ሰው ፊት ተነቧል። ወንድሜ ሄዶ ሰምቶት መጣ። የቃላቱ ቦታ ሲደርስ ዳ ሮዝሊን «ድሮ ወንድሜ ከሰሜን ሽንኩርት ይልክልን ነበር፤ አሁን ቃል መላክ ጀመረ» ብለው ቤቱን ሁሉ አሳቁት። እግሬ ተቆርጧል የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ማንም አልሳቀም፤ ማንም ደግሞ አላመነም። ሚስቱን ለማዳን ነው አሉ። ከመጪው ወር ገበያ በኋላ አዳኩን ዳ ሮዝሊን ወደተዳሩበት አገር ሊወስዷት ነው ተብሏል። እዚያ ከሄደች እንደ ባሕር ማዶ ነው፤ በአጥር ቀዳዳ እንኳ አላያትም።

አሁን የምነግርህን ተቀምጠህ አንብበው።

ለእኔ ብለሽ ነው እያልህ ስትጽፍልኝ፣ ስትደጋግመውም፣ እንደ እሾህ ሲወጋኝ ከረመ። ለአንተ ብዬ አይደለም። በእህትህም ላይ አይደለም። በአባትህ ላይማ እንዴት ይሆናል፤ ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም።

ኦገስት ላይ ለያም ሥራሥር መከር በዓል መጥተህ ስትመለስ ባዶዬን አልተውከኝም። ከአዳኩ በኋላ ሁለቴ የሆነብንን ታውቃለህ። ስለዚህ ይሄንን በአፌ አልጠራሁትም። አምስተኛ ወሩን ይርገጥ፣ ያኔ እጽፍለታለሁ ብዬ ቀሚሴን ሰፋ አድርጌ ሰፋሁ። ልብስ ሰፊ ነኝና ማንም አላወቀብኝም። በቀብሩ ቀን ጠዋት ወገቤን ሲቆርጠኝ ውኃ መቅዳቱ ነው አልኩ። አግዳሚው ላይ ሆኜ እህትህ ስምህን ሲያነሱ መጣ። ብጮህ ማን እንደሚሰማኝ አየሁ። ብነሳ ከኋላዬ የሚታየውን አሰብኩ። ጥርሴን ነክሼ ትንፋሼን ሳብኩት። ድምፁ እሱ ነው። ሌላ ምንም አልነበረም።

ከዚያ እስከ ማታ እንዴት እንደተቀመጥኩ አልጽፍም። የት እንዳለ ብቻ ልንገርህ፤ ጓሮ ነው፣ ከሙዙ ወዲያ።

ለምን አልተናገርሽም ትለኝ ይሆናል። አስከሬን ባለበት ጣሪያ ሥር ፅንስ የወጣባት ሴት በእኛ አገር ምን እንደምትባል ልጅ ሆነን አይተናል። የኦኮሮ ሚስት የት ደረሰች? ርኩሰት ነው ይላሉ። ቤቱ ይታጠባል፤ እሷ ግን አትመለስም፣ የወለደቻቸውንም አታይም። ለንቀት ይቅርታ አለ። ለዚያኛው የለም። እንግዲህ ድምፁን በስሙ ልጥራው? በየትኛው ስሙ?

ለማንም አትጻፍ። ለማንም። ሽማግሌህ እውነታቸውን ነው፤ ቃል መፈለጉን ተው።

አሁዲያ


ጆስ
ማርች 8 ቀን 1981

አሁዲያ፣

መጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቄሽ መልሼ ሰረዝኩት። ስረዛው ይታይሻል፤ በብርሃን ካየሽው ይነበብ ይሆናል። አትመልሺልኝ።

ኮርቼብሽ ሳቅሁ ብዬሽ ነበር። አንቺ ያንን ይዘሽ ሳለ። እንዴት አድርገሽ አነበብሽው?

ክፉ ነገር አድርጌያለሁ። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ አእምሮዬን ስቼ ለእናቴ ጻፍኩ። ሁሉንም። የሆነውን ሁሉ በግልጽ ጽፌ በእኛ አገር ወዳለችው አባ ከተማ ሽንኩርት ለሚያወርድ ሾፌር ሰጠሁት። እናቴ ናት፣ ታዝናለች፣ ትናገርልናለች ብዬ ነው። መኪናው ከተነሳ በኋላ ነው እናቴ ማንበብ እንደማትችል ትዝ ያለኝ። ለማን ታስነብበዋለች? ለቤተ ክርስቲያኑ አስተማሪ ለካቴኪስቱ? ለሮዝሊን? ነርሷ በሰጠችኝ ክራንች መንገድ ድረስ ወጣሁ፣ ወድቄም ቁስሉ ተከፈተ። መኪናው ሄዷል።

ለማንም አትጻፍ ያልሽው ገጹ መጨረሻ ላይ ነው። እኔ እዚያ ሳልደርስ ብዕር አንስቻለሁ።

ይህ ሳይደርስሽ በፊት ነገሩ ተነቦ ከሆነ፣ ወንድምሽ ከዚያ አገር ያውጣሽ። አዳኩን እኔ ከአልጋ ስነሳ እየተሳብኩም ቢሆን አመጣታለሁ። ከቻልሽ ይቅር በይኝ። ካልቻልሽም ጻፊልኝ፤ ዝም ብቻ አትበይኝ።

ኡዞማ


ኡሙኦክፖ
ማርች 22 ቀን 1981

ኡዞማ፣

ይቅር ብዬሃለሁ፤ ግን አንተ በጠየቅኸው ሳይሆን በሌላ ምክንያት ነው።

ደብዳቤህ ከመድረሱ አስቀድመው እናትህ መጡ። ማለዳ ነው፤ ጤዛው ገና አልረገፈም። በእግራቸው፣ ብቻቸውን፣ የሐዘን ልብሳቸውን እንደለበሱ። ባሏ የሞተባት ሴት ዓመት ሳይሞላት ከግቢ አትወጣም፤ እሳቸው ግን ወጥተው መጡ። የወንድሜ ሚስት ውኃ ልታቀርብ ብትል ከእኔ ጋር ብቻችንን እንድትተወን ነገሯት። ካሳቫው ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

እኔ ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝ። ተንበርክኬ እግራቸውን ያዝኩ። ልጄን ብቻ፣ ሌላ አልፈልግም አልኩ። ተነሺ፣ የሆነብሽን አውቃለሁ አሉኝ።

የላክኸውን ካቴኪስቱ ነው የያዘላቸው። ማንበብ ሲጀምር ሰላምታው ላይ አስቆሙት። ልጄ በሕይወት አለ? አሉት። አለ አላቸው። ሰላምታው ይበቃኛል ብለው ከእጁ ተቀብለው ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ካቴኪስቱ የሐዘንተኛ ነገር ነው ብሎ ሄደ። ያልተነበበውን እንዴት እንደሚያውቁት ስጠይቃቸው የነገሩኝን እንዳሉት ልጻፍልህ፤ አንድም ቃል እንዳይጠፋብኝ ያኔውኑ በልቤ ይዤዋለሁ።

«አግዳሚውን ማን ያጠበው መሰለሽ? ጓሮ ሄጄ ከሙዙ ወዲያ የተነካውን አፈር አይቻለሁ። ዶሮ እንዳይጭረው ጎደሬ ተክዬበታለሁ። እኔም ሴት ነኝ፤ ያንን ድምፅ ስሰማ ሌላ ነገር አልመሰለኝም። ያኔ ሮዝሊን ተነስታ 'ናቀችን' አለች። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አሰብኩት። ሁለት ስም አለ፣ አንዱ ያባርርሻል፣ አንዱ ያንበረክክሻል። የቀለለውን ስም ሲሰጡሽ ዝም አልኩ።»

ተናደድኩ፣ ኡዞማ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩባቸው። ይህን ሁሉ ጊዜ፣ ገበያው ሲሰድበኝ፣ ልጄን በአጥር ሳይ፣ ለምን አንድ ቃል አላኩብኝም አልኳቸው። ብልክብሽ ታለቅሺ ነበር፣ ለቅሶሽ ደግሞ ይታወቃል አሉኝ። የተናቀች ሴት ለቅሶና የተጎዳች ሴት ለቅሶ አንድ አይደለም፤ ሮዝሊን ትለየዋለች አሉ። ከዚያ እጃቸውን ሆዴ ላይ አሳረፉ። እኔም ያን ቀን ነው ደህና አድርጌ ያለቀስኩት፤ እሳቸው አፌን በነጠላቸው ጫፍ ይዘውልኝ።

አሁን የሚሉኝ ይህን ነው። ቅዳሜ የቤቱ ሴት ልጆች ለመጨረሻ ጊዜ ይሰበሰባሉ። ሂጂ፣ የኮላ ፍሬና ዶሮ ይዘሽ ተንበርከኪ፣ ኦሱ ነው በያቸው። ልጅሽን ውሰጂ። ከዚያ ባልሽ ወዳለበት ሂጂ።

እኔ ግን አፌ ይታዘዘኝ እንደሆነ አላውቅም። ያ ድምፅ ከልጁ የቀረኝ ነገር ነው። ሌላ ልብስ የለው፣ ስም የለው፣ መቃብሩም ጎደሬ ነው። እሱን ስድብ ነበር ብዬ በአፌ ልጥራው? አንተ ምን ትላለህ? ቶሎ ጻፍልኝ።

አሁዲያ


ኡሙኤኬ፣ ቤትህ
ኤፕሪል 5 ቀን 1981

የአዳኩ አባት፣

አትንበርከኪ የሚለው ደብዳቤህ የደረሰኝ ከተንበረከክሁ በኋላ ነው። ያልኸውን ሁሉ በደንብ አንብቤዋለሁ። ልጅህን አንተ እንደምትወድ፣ እሱንም አላሰድብም ማለትህን። ደግ ቃል ነው። ነገር ግን አንተ ያጣኸውን እየጠበቅህ ነበር፤ እኔ ያለችኝን ማየት ነበረብኝ። ቅር እንዳይልህ።

ቅዳሜ ወንድሜ ዶሮውን ይዞልኝ ሄድን። ግቢው ሞልቷል። የገበያዎቹ ሴቶች ሳይቀሩ መጥተው አጥሩ ላይ ተንጠልጥለዋል። እናትህ ከበሩ አጠገብ ጥላ ሥር ተቀምጠው መሬቱን ያያሉ። ዳ ሮዝሊን መሐል ቆመው «ያን ቀን ከአፍሽ የወጣውን በስሙ ጥሪው» አሉኝ።

ተንበርክኬያለሁ፣ ጉልበቴ ሥር ጠጠር ነበር። ጊዜው ሲረዝም አንዷ አሁንም አንገተ ደንዳና ናት አለች። ቀና ብል አዳኩ በታናሽ ወንድምህ እግር መሐል ቆማ ታየኛለች። ፀጉሯ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል።

«ኦሱ ነው። በሙት ፊት ጥርሴን መጥጫለሁ። ይቅር በሉኝ» አልኩ።

ያን ያህል ነው። ሰዉ የሆነ ጭነት የወረደለት ይመስል ተነፈሰ፣ አንዳንዱም ሳቀ። ኮላው ተሰበረ፣ ነጭ ኖራ ክንዴ ላይ ቀቡኝ፣ ዶሮው ታረደ። የሰደቡኝ ሴቶች እየመጡ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፣ እኔ ጋ ልብስ እንደሚያሰፉም ነገሩኝ። እኔ ግን የማወራው ሰው የሌለ እየመሰለኝ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። ልጄን የካድኩ መሰለኝ፣ ኡዞማ። አሁንም ይመስለኛል። እናትህ ይህ ስሜት ያልፋል አላሉኝም፤ ስለማይዋሹኝ ወደድኳቸው።

ሰው ከተበተነ በኋላ ዳ ሮዝሊን ማድቤት ተከትለውኝ ገቡ። በሩን ዘግተው ቆሙ፣ እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፋቸው። «ወንድሜ፣ እግሩ እውነት ነው?» አሉኝ። እውነት ነው አልኳቸው። ከየት በታች? አሉኝ። አሳየኋቸው። የሽንኩርቱ ነገር ትዝ ብሏቸው ነው መሰለኝ፣ በርጩማው ላይ ዘጭ ብለው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ልጠላቸው ፈልጌ ነበር፤ ያን ቀን ግን አቅም አልነበረኝም። ሄጄ ውኃ ቀዳሁላቸው።

ማታ አዳኩን ሳጥባት መጀመሪያ ከእንግዳ ሰው ጋር እንዳለች ዓይነት ሆነችብኝ። ቀጥላ ምን አድርገሽ ነው የተቀጣሽው አለችኝ። ጥርሴን መጥጬ ነው አልኳት። «በማን ላይ?» አለችኝ። ሳሙናውን ይዤ ቆምኩ። ለሸንጎው የመለስኩትን ለእሷ መመለስ አልቻልኩም። በማንም ላይ አይደለም፣ አሞኝ ነበር አልኳት። አሁንስ? አለች። አሁንም ትንሽ አልኳት። በእርጥብ እጇ ጉንጬን ያዘችኝ። አሞኝ እንደነበር ያወቀች ሁለተኛዋ ሴት እሷ ናት።

ከዛሬ አሥር ቀን በኋላ፣ የረቡዕን ባቡር እንይዛለን። እናትህ ፈቅደዋል፤ የቤቱም ሰው አልከለከለም። ደረቅ ዓሣና ዘይት ቋጥረውልሃል። ዳ ሮዝሊን የሰጡኝ ነገርም አለ፤ የአባትህ ምርኩዝ ነው፣ ለበኩሩ ነው ብለው። መንገድ ላይ እንዳይሰበር በአሮጌ ልብስ ጠቅልዬዋለሁ።

ለዚህ መልስ አትጻፍ፤ ከደብዳቤህ ቀድመን እንደርሳለን። ሐኪሙ ከፈቀደልህ ጣቢያው ድረስ ና፣ ካልፈቀደልህም በር ላይ ቁም። እግርህ ላይ ብርድ ልብስ አትደርብ፣ ሱሪህንም ወደ ታች አትሳበው። አዳኩ መጀመሪያ ስታይህ እንዳለህ ትይህ። የሆነውን በስሙ እነግራታለሁ፤ ባቡሩ ላይ ጊዜ አለን።

ሚስትህ አሁዲያ